ሞተሩ ሲያንኳኳ ምን እናድርግ?

ያረጀ መኪና ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ሹፌሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ መንዳቱን ይቀጥላል። ሌላው ይደነግጥና በቀጥታ ጋራዥ ገብቶ «ሞተሩን አውርዱልኝ!» ይላል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ገንዘብ ይፈሳል። በመጨረሻ ሲታይ ያንኳኳው የላላ የማርሚታ ብሎን ነው። ያኛው ራዲዮን የከፈተው ደግሞ «ብሎን ነው፣ ብሎን ነው» እያለ ይሰነብታል። ከዚያ አንድ ቀን ተሳፋሪ እንደጫነ ሞተሩ ይሰበራል።

ሁለቱም ድምፁን ሰምተዋል። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ድምፁ የሚመጣው መቼ ነው? የሚጠፋውስ መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ ከድምፁ ጉልበት ይበልጣል። በጣም የሚጮህ ድምፅ ቀላል ችግር ሊሆን ይችላል። ዝግ ያለ ድምፅ ደግሞ ሞተር ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ምን ያህል ይጮሃል?» አንልም። ጧት ነው ወይስ ሞተሩ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆሞ? ከላይ ነው ወይስ ከታች? እንዲህ እያልን እንጠይቃለን።

ምሳሌያችን ላዳ ናት። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ስንቱን ቤተሰብ አብልታለች። ላዳ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት፣ ቶልያቲ በምትባል ከተማ ነው። መኪናዋ የተሠራችው የጣልያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ ነው። የድሮዋ ላዳ ሞተር 4 ሲሊንደርና 8 ቫልቮላ አለው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያቀላቅለው ካርቡራቶር ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ዛሬ የላዳ ታክሲ ቁጥር ቀንሷል፤ ግን አላለቀም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ እዚህ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ይሠራሉ ማለት ነው። ስለ ላዳ የምንለው አብዛኛው ነገር ለፔጆ 404ም፣ ለአሮጌ ኮሮላም ይሆናል።

ሞተር ውስጥ ምን አለ?

ሲሊንደር የሚባል ክብ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል። ከላይ ቫልቮላዎች አሉ። ቫልቮላ በር ነው። አንዱ በር አየርና ቤንዚን ያስገባል፤ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ካንዴላ እሳት ይጭራል። ቤንዚኑ ሲቃጠል ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ፒስተኑ ቢየላ በሚባል ክንድ ከታች ካለው ዋና ዘንግ ጋር ተያይዟል። ዋናው ዘንግ ክራንክ ይባላል።

ብስክሌት የነዳ ሰው ይህ አይቸግረውም። ጉልበታችሁ ፒስተን ነው። ቅልጥማችሁ ቢየላ ነው። ፔዳሉ ያለበት የሚዞረው ዘንግ ክራንክ ነው። ጉልበት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዘንጉ ይዞራል።

ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ቫልቮላ፣ ማርሚታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ስሞች ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። አሁን ግን የእኛው የመካኒኮቻችን ቋንቋ ሆነዋል።

አንድ ስም ብቻ እንጨምር። ቢየላው ክራንኩን የሚያቅፍበት ቦታ ላይ ብሮንዚን የሚባል ለስላሳ የብረት ቅርፊት አለ። በብሮንዚኑና በክራንኩ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች። ክፍተቷ የ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ናት። በዚያች ክፍተት ውስጥ ዘይት በግፊት ይገባል። ብረት ብረትን አይነካም፤ በመካከላቸው ዘይት አለና። ሞተር የሚኖረው በዚህች ቀጭን ዘይት ነው። ዘይቱ ሲጎድል ወይም ክፍተቷ ስትሰፋ ብረት ብረትን ይመታል። ላዳ ቆማ ሞተሯ በሚኒሞ ሲሠራ እንኳ ክራንኩ በደቂቃ 850 ጊዜ ያህል ይዞራል። በ1 ሰከንድ 14 ጊዜ መሆኑ ነው። በ1 ሰከንድ 14 መዶሻ! ለስላሳ ቅርፊት ይህን እስከ መቼ ይችላል?

በመጀመሪያ ዘይት

ማንኛውም ማንኳኳት ሲሰማ ሞተሩን አጥፉ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። ዘይቱ ወደ ታች እንዲወርድ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዙ። በጨርቅ ጥረጉት። መልሳችሁ እስከ መጨረሻው ክተቱት። እንደገና ምዘዙና እዩ። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አለ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ጨምሩ። ከላይኛው በላይም አይሁን።

ብዙ ሰው «ባለፈው ወር ቀይሬያለሁ እኮ» ብሎ ያልፈዋል። አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል። ፋሻው ሲያልቅ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር እየተቃጠለ በማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ትናንት የነበረ ዘይት ዛሬ ላይኖር ይችላል።

ቀይዋን የዘይት መብራትም ተመልከቱ። ቁልፍ ስትከፍቱ ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። ስትነዱ ከበራች የዘይት ግፊት የለም ማለት ነው። ያን ጊዜ «እስከ ሠፈር ልድረስ» አይባልም። ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ማስጎተት ገንዘብ ያስወጣል፤ አዎ። ክራንክ ግን ይበልጥ ያስወጣል።

የውሸት ማንኳኳት

ዘይቱ ደህና ነው እንበል። መብራቷም ጠፍታለች። አሁን ከርካሹ እንጀምር። ከሞተሩ ውስጥ የመጣ የሚመስል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው።

ማርሚታ ሲላላ የመኪናውን ሆድ ይመታል። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሲበጠሱ ሞተሩ ራሱ እየዘለለ ብረት ይመታል። ይኸኛው ማርሽ አስገብታችሁ ስትነሡ «ጓ!» ይላል፤ ከዚያ ይተዋል። የላላ ካንዴላ «ጭስ ጭስ» እያለ ይተነፍሳል። የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ጧት ላይ ልክ እንደ ቫልቮላ «ጠክ ጠክ» ይላል፤ ብረቱ ሲሞቅና ሲገጥም ይጠፋል። በዚህ የተነሣ ስንት ሰው ቫልቮላ አስተካክሎ ድምፁ አልጠፋለት ብሎታል!

የውኃ ፓምፑና ዲናሞው ኩሽኔታ ሲያልቅባቸውም ያንጓጓሉ። እነሱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ቺንጊያውን አውጡ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ቺንጊያው የሚያዞረው ነገር ላይ ነው፤ ሞተሩ ነፃ ወጣ። ነገር ግን ያለ ቺንጊያ ውኃ አይዞርም። ስለዚህ ከግማሽ ደቂቃ አታስበልጡት።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሐኪም ማዳመጫ አለው። እናንተም ረጅም ካቻቢቴ ይበቃችኋል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯችሁ አጠገብ አጥንቱ ላይ አድርጉ። ደረቅ ዱላም ይሆናል። ድምፅ በእንጨትና በብረት ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሄዳል። ከላይ ንኩ፤ ከፊት ንኩ፤ ከጎን ወደ ታች ንኩ። በጣም የጎላበት ቦታ የድምፁ ቤት ነው።

ተጠንቀቁ። በድሮዋ ላዳ ፋኑ ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ይዞራል። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጀ ጠባብ ለብሳችሁ ወደ ሞተር አትጎንበሱ። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አታስነሡ። ጭሱ ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለ። ሰው ይገድላል።

ከላይ የሚመጣ ድምፅ

ቀላል፣ ቀጭን፣ «ጠክ ጠክ ጠክ» የሚል ድምፅ ከሞተሩ አናት ከመጣ ቫልቮላ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቆማችሁም ይሰማል፤ ስትነዱም ይሰማል። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል። የሚገፋው ብረትና ቫልቮላው መካከል ልክ የሆነ ክፍተት አለ። በላዳ ይህ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ይንኳኳል። ማስተካከያው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አያስወጣም። ሞተር አያስወርድም።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ። አንዳንድ ሰው ድምፁ ጨርሶ እንዲጠፋለት ቫልቮላውን አጥብቆ ያስራል። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ክፍተት ያጣ ቫልቮላ በሩን አጥብቆ መዝጋት አይችልም። እሳት በበሩ ሾልኮ ይወጣል፤ ቫልቮላው ይቃጠላል። እኔ እንደሆን ጥቂት ጠክ የሚል ቫልቮላ ጨርሶ ዝም ካለው ይሻለኛል።

ከሞተሩ ፊት «ሸርርር» የሚል፣ ሰንሰለት የሚጎተት የመሰለ ድምፅ ከመጣስ? እርሱ በእርግጥም ሰንሰለት ነው። በላዳ ሞተር ፊት ለፊት ክራንኩን ከላይኛው ዘንግ ጋር የሚያገናኝ ሰንሰለት አለ። በሥራ ብዛት ይረዝማል። ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁ ይብሳል። በድሮዋ ላዳ ማጥበቂያው ከውጭ የሚገኝ አንድ ብሎን ነው። መካኒኩ ያላላዋል፣ ሞተሩን ያዞራል፣ ማጥበቂያው ሰንሰለቱን ሲወጥር መልሶ ያስረዋል። ከዚህም በኋላ ድምፁ ካልጠፋ ሰንሰለቱ አልቋል። ችላ አይባልም። ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑና ቫልቮላው ጊዜያቸው ይዛባል።

ዳገት ላይ የሚመጣ ድምፅ

አሁን ለየት ወዳለው እንሂድ። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ምንም የለም። ሜዳ ላይም ምንም የለም። ዳገት ጀምራችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ግን ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚናወጥ ይመስላል። እግራችሁን ስታነሡ ወዲያው ይጠፋል።

እዚህ ምንም የላላ ብረት የለም። የሚያንኳኳው እሳቱ ነው።

እንዴት? ካንዴላው ሲጭር እሳቱ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ጥግ መሄድ አለበት። ሣር ከዳር ሲቀጣጠል እንዳያችሁት ማለት ነው። ሙቀቱና ግፊቱ ከበዛ ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት ቤንዚን ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። በአንድ ጊዜ «ቧ!» ይላል። የፒስተኑን ራስ በመዶሻ እንደ መምታት ነው። ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ሞተሩ ይችለዋል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ፒስተን ይበሳል፣ ፋሻ ይሰበራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይነዳል።

ለአዲስ አበባ ሹፌር ይህ ድምፅ አንድ ልዩ ወጥመድ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ውስጥ የሚስበው አየር ያንሳል፤ በሲሊንደሩም ውስጥ ግፊቱ ያንሳል። ሞተሩ ደከም ይላል፤ ነገር ግን ይህ ማንኳኳት በቀላሉ አይመጣበትም። መካኒኩ ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ የካንዴላውን እሳት ቀደም ያደርግለታል። ለአዲስ አበባ መልካም ነው።

ያው መኪና ወደ ድሬዳዋ ወረደ እንበል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ወፍራም ነው፤ ሙቀትም አለ። እዚያ ቀድሞ የሚጭረው እሳት ይበዛበታል። ሞተሩ ጠጠሩን ያናውጣል።

ከሁሉ የሚከፋው የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ትወርዳላችሁ። ድልድዩ ዘንድ ከፍታው 1,000 ሜትርን ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወደ ደጀን ዳገቱ ይጀምራል። አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ዳገቱ ረጅም። ለዚህ ማንኳኳት የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቧል። በዚያ ዳገት በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ጨፍልቆ መውጣት ሞተር ማሳረድ ነው። ወደ 3ኛ ውረዱ፤ ካስፈለገም ወደ 2ኛ። ሞተሩ በፍጥነት ይዙር፤ ነዳጁን ግን አታብዙበት። የሙቀት መለኪያውን እዩ። ከፍ ካለ ቁሙና አሳርፉት። ራዲያተሩን ግን እንደጋለ አትክፈቱ።

ቤንዚኑም ጥፋት ሊኖርበት ይችላል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን አንዳንዴ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ነጭ ጋዝ በዚህ ሞተር ውስጥ ቶሎ ራሱን ያቀጣጥላል። ድምፁ የጀመረው ከጀሪካን በቀዳችሁ ማግስት ከሆነ ካንዴላና ቫልቮላ አታስፈቱ። ያ ቤንዚን ይለቅ፤ ደህናውን ቅዱና እዩ።

እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚድግሊ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እርሳስ ያለበት ኬሚካል በቤንዚን ላይ ሲጨመር ይህ ማንኳኳት እንደሚጠፋ አገኘ። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው። ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት። ነገር ግን እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አገሮች አንድ በአንድ ተዉት። ለመኪና እርሳስ ያለበት ቤንዚን በመሸጥ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አቆመች። የድሮ ሰዎች «የዱሮ ቤንዚን ሞተር አያስጮህም ነበር» ሲሉ ልክ ናቸው። ልጆች የከፈሉትን ዋጋ ግን ያን ጊዜ ማን አየ?

ከታች የሚመጣ ድምፅ

አሁን የምንፈራው ላይ ደረስን።

በመጀመሪያ አንዱን እንለይ። ጧት ሞተሩ ሲነሣ «ዶቅ ዶቅ» ይላል፤ ባዶ እንስራ የመምታት ያህል ነው። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ይቀንሳል። ከ5 ደቂቃ በኋላ የለም። ይህ ፒስተን ነው። ፒስተኑም ሲሊንደሩም ስላለቁ ፒስተኑ ይወዛወዛል። ሲሞቅ ግን ፒስተኑ ያብጥና ቦታውን ይሞላል። ሞተሩ አርጅቷል፤ አንድ ቀን መታደሱ አይቀርም። ግን ዛሬ አይሞትም። ጧት ጧት ቀስ ብላችሁ እያሞቃችሁ ከነዳችሁት ብዙ ወራት ሊሠራ ይችላል።

ተቃራኒውን ፍሩ። ጧት የለም፤ ወይም በጣም ትንሽ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይመጣል፤ ቀን እየጨመረ ሲሄድ ይጨምራል። ምክንያቱም ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የሰፋውን ክፍተት መሙላት ያቅተዋል። ነዳጅ ሰጥታችሁ በድንገት ስትለቁ «ከከከከ» ብሎ ይከተላችኋል። ይህ የቢየላ ብሮንዚን ነው። ከሞተሩ ሆድ፣ በጣም ከታች፣ ወፍራም ሆኖ «ድም ድም» የሚል፣ ከባድ ጭነት ስትጎትቱ የሚብስ ድምፅ ደግሞ የክራንኩ የራሱ ዋና ብሮንዚን ነው። በሁለቱም ጊዜ የዘይት መብራቷ በሚኒሞ ብልጭ ብልጭ ማለት ትጀምር ይሆናል።

ቢየላ መሆኑን በምን እናረጋግጥ? ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በማስተኛት ነው። ሞተሩን አጥፉ። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉ። ገመዱ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክታችሁ በሞተሩ ብረት ላይ አስተኙት፤ ከካርቡራቶርና ከቤንዚን ቱቦ ይራቅ። ሞተሩን አስነሡና አዳምጡ። ከ1 ደቂቃ አይብለጥ። አጥፉና መልሱት። ወደሚቀጥለው እለፉ። አራቱንም እንዲሁ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ ገመድ በባዶ እጅ አይነካም፤ አጥብቆ ይመታል።

አንዱ ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ማንኳኳቱ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ በሽታው እዚያ ነው። ቢየላውን የሚመታው እሳት ስለሌለ ብረቱ ቀለል ብሎ ይዞራል። አራቱንም ሞክራችሁ ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ወደ ቫልቮላ፣ ወደ ሰንሰለት፣ ወደ ውጭ ተመለሱ።

ሌላው ምስክር ዘይቱ ነው። ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ ላይ አውርዱና ፀሐይ ላይ እዩት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብረት እየተበላ ነው። ማግኔት አቅርቡ። ማግኔቱ የማይስበው ብናኝ ከሆነ ከብሮንዚኑ የተላጠ ሊሆን ይችላል።

የቢየላ ድምፅ ከተረጋገጠ መኪናው አይነዳም። ወደ ክፍለ ሀገር ቀርቶ ወደ ሚቀጥለው ሠፈርም አይነዳም። ዛሬ ቢቆም ብሮንዚን ነው፤ ምናልባት ክራንክ መቀረጽ ይጨመራል። አንድ ሳምንት ቢነዳ ግን ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚጠገን ነገር አይተርፍም።

መኪና ልትገዙ ስትሄዱም ይህንኑ አስታውሱ። ገና ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አሙቆታል። ለምን? የፒስተኑን የጧት ድምፅ እንዳትሰሙ ሊሆን ይችላል። «ነገ በጧት ቀዝቃዛ ሳለ እመጣለሁ» በሉት። ደግሞም አንዳንዱ ሻጭ በጣም ወፍራም ዘይት ይሞላል፤ ወፍራም ዘይት የቢየላን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል። ስለዚህ 20 ደቂቃ ያህል ንዱት። ዳገት አውጡት። ከዚያ ቆማችሁ በሚኒሞ አዳምጡት። ደላላው «ቸኩሉ፣ ሌላ ገዢ አለ» ይላችኋል። ይኑር።

ወደ ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ ደብተር ያዙ። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ አይደል? ድምፁን የሰማችሁበትን ጊዜ በአጭሩ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ሰኞ ጧት። ሞተሩ ቀዝቃዛ። ድምፅ የለም።
ሰኞ 6 ሰዓት። ሞተሩ ሞቆ። ነዳጅ ስለቅ ከታች ያንኳኳል።
ማክሰኞ። ዘይት ግማሽ ሊትር ጨመርኩ። ድምፁ አልተለወጠም።
ረቡዕ። የ3ኛውን ካንዴላ ስነቅል ድምፁ ጠፋ።

ይህን የያዘ ሹፌር ጋራዥ ሲገባ ንግግሩ ይለወጣል። ወጣቱ መካኒክ «ጋሼ፣ ቫልቮላው ነው፤ ቴስታታው ይውረድ» ቢለው ሹፌሩ «ተው ልጄ፣ ቫልቮላ ቢሆን ጧትም ይጮህ ነበር። 3ኛው ቢየላ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ከታች እንየው» ይለዋል። ብዙ ጎበዝ መካኒኮች እንዲህ ያለ ደንበኛ ይወዳሉ። ሥራቸውን ያቀልላቸዋል።

ብሮንዚኑ ሲወጣ እዚያው ሁኑ። አሮጌውን «አሳዩኝ» በሉ። ጤነኛ ብሮንዚን ፊቱ ልስልስና አንድ ዓይነት ቀለም ነው። የታመመው ተቧጥጧል፤ አንዳንዴም ፊቱ ተልጦ ከሥሩ ሌላ ቀለም ይታያል። ከዚያ ክራንኩን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍራችሁ ጭረት ላይ ከተያዘ አዲስ ብሮንዚን ብቻ መግጠም ከንቱ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ተመልሶ ያንኳኳል። ክራንኩ በማሽን መቀረጽ አለበት። ሲቀረጽ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የሚገባለት ብሮንዚን በዚያው ልክ የወፈረ መሆን አለበት። ለላዳ የመጀመሪያው ልክ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጥሎ 0.50፣ ከዚያ 0.75፣ በመጨረሻ 1.00 ነው። ክራንኩን የቀረጸውን ባለ ማሽን «በስንት ቀረጽከው?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ አዲሱን ብሮንዚን ከመግጠማቸው በፊት ገልብጡት። ልኩ ከጀርባው ወይም ከካርቶኑ ላይ ታትሞ ይገኛል። አንብቡት። ደብተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር እኩል ካልሆነ እንዳይገጠም፤ ወደ ሱቅ መልሱት።